የክፍት ደጅ ማኅበር ቁልፍ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ «ክፍት ደጅ» የሚባል ማኅበር አለ። ደጁ ከወፍራም ብረት የተሠራ ነው፤ በሰንሰለት ይታሰራል፣ ከውስጥ ዘበኛ ይጠብቀዋል፣ ከውጭ ደግሞ «ሳያስፈቅዱ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። የማኅበሩ ሥራ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች መርዳት፣ በተለይም ቤተሰቦቻቸው ሰው እንዳያያቸው ብለው ጓዳ ያስቀመጧቸውን ፈልጎ ማውጣት ነው። መፈክሩም «ከጓዳ ወደ አደባባይ» ይላል። ይህ መፈክር በባነር፣ በካናቴራ፣ በኮፍያና በእስክሪብቶ ላይ ታትሟል። እስካሁን ከጓዳ የወጣውን ሰውና ከማተሚያ ቤት የወጣውን ካናቴራ ያነጻጸረ ግን የለም፤ ባይነጻጸርም ይሻላል።

ፈልጎ የማውጣቱ ሥራ የዙሌይካ ነው። ዙሌይካ እዚያው ሐይቅ ከነጋዴ ቤት ተወልዳ ያደገች፣ ማኅበራዊ ሥራ የተማረች፣ ሠላሳዎቹን አጋምሳ የያዘች ሴት ናት። በማኅበሩ መታወቂያ ላይ «የጉዳይ ተከታታይ ባለሙያ» ትባላለች። በመንደሮቹ ግን ስሟ «ጓዳ ፈታሿ» ነው። ጠዋት ጠዋት ጃንጥላዋን ይዛ ባጃጅ ትሳፈራለች፤ ባጃጁ አልወጣም ያለበት ቦታ ላይ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ትያያዘዋለች። ስትደርስ ውሻ ይጮኻል፣ በር ይዘጋል፣ እናት ወይም አክስት ብቅ ትልና «የለም» ትላለች። ማን እንደሌለ ሳትጠየቅ ማለት ነው። ዙሌይካ የሥራ ቀኗን ግማሽ የምታሳልፈው እንዲህ ከሌሉ ሰዎች ደጃፍ ቆማ ነው።

አንድ ሰሞን እንኳ ነገሩ ተገልብጦባት ነበር። ማኅበሩ የመዘገበው ሰው ስንዴ ያገኛል የሚል ወሬ ከየት እንደተነሣ ሳይታወቅ ተነሣና፣ የደበቀው ሁሉ ማሳየት ጀመረ፤ የሚያሳየው የሌለው ደግሞ ተበደረ። አንዱ አባት በትምህርቱ የታወቀ ጎበዝ ልጁን ጎትቶ አምጥቶ «በእንግሊዝኛ ትንሽ ውስን ነው» አላት። ሌላው አማቱን ይዞ መጣ። «ምን ሆኑ?» ብትለው «የምነግራት ነገር አይገባትም» ብሎ በሙሉ ልቡ መለሰ። አማትየው ከኋላው ቆመው አንገታቸውን እየነቀነቁ ነበር። ስንዴው ቀረና ሁሉም ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በሮቹም እንደ ቀድሟቸው ተዘጉ።

ከእነዚህ በሮች ሁሉ የጠናባት የእትየ ተሻለች በር ነው። እትየ ተሻለች ባላቸው የሞተባቸው፣ ከከተማው ወጣ ብላ ሐይቁን ቁልቁል የምታይ መንደር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ሴት ናቸው። አምሳሉ የሚባል ወንድ ልጅ አላቸው። ልጅ ይባል እንጂ ጢም አቀምቅሟል። ሲወለድ ጀምሮ ነገር ቶሎ አይገባውም፣ አፉም ዘግይቶ ነው የተፈታው። መንደሩ ሁሉ አምሳሉ መኖሩን ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ ደግሞ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅና አለማወቅን አስማምቶ መኖር በእኛ አገር ጨዋነት ይባላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እትየ ተሻለች ልጃቸውን ጓዳ ያስገቡና ከውጭ ይቀረቅሩበታል። ዙሌይካ ስትመጣ ደግሞ በሩን ሳይከፍቱ «የለም» ይላሉ። እንዲህ እየተባባሉ ዓመታት አለፉ።

አንድ የክረምት ቀን ግን ዙሌይካ «የለም»ን ሰምታ ልትመለስ ስትል ዶፍ ዝናብ ያዛት። ዶፍ እየወረደባት ያለን ሰው ከደጅ ማቆም በወሎ ነውር ነውና እትየ ተሻለች ሳይወዱ በግድ አስገቧት። እሳት ዳር ተቀምጣ ቀሚሷን ስታደርቅ ከጓዳው በኩል ወፈር ያለ ድምፅ ተሰማ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ ድምፁ።

እትየ ተሻለች ደነገጡ። «ሬዲዮው ነው» አሉ ቶሎ ብለው። በቤቱ ውስጥ ሬዲዮ የሚባል ነገር አልነበረም።

ዙሌይካ አስባበት አይደለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የኖረችበት ልማድ ነው። «ያጥናችሁ» ያለን ሰው በዝምታ ማሳለፍ አይቻላትም። «አሚን» አለች።

ከጓዳው በኩል ሳቅ ፈነዳ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። እትየ ተሻለች ከእሳቱ ዳር ቁጭ አሉና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያዙ። ያጫወቷትም ከዚያ በኋላ ነው። አባቱ የሞቱ ጊዜ ቅሬው ደጃቸው ላይ ድንኳን ተከለ። ቅሬ ማለት የመንደሩ ሰው ክርስቲያን እስላም ሳይል የሚቀባበርበትና የሚያስተዛዝንበት ማኅበር ነው። እንግዳ ስለሚበዛ አምሳሉ ጓዳ ተዘጋበት። በግድግዳው ስንጥቅ አጮልቆ ሲያይ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ወደ ድንኳኑ እየገባ፣ በአግዳሚ ለተቀመጡት «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ሲያልፍ ዋለ። ለእሱ ግን አንድም ሰው አላለውም፤ የለማ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእንግዳ ድምፅ ከሰማ ወይም ሰው ተሰብስቦ የተቀመጠ ከመሰለው እንዲህ ይላል። የሚመልስለት ግን የለም።

«አንቺ መለሽለት» አሉ እትየ ተሻለች።

ተነሥተውም መቀርቀሪያውን አነሡት። ከማንሣታቸው በፊት ግን ወደ ዙሌይካ ዞረው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ይዘሽው ውጪ፣ አስተምሪው፣ የፈለግሽበት አድርሽው። በር ግን እንዳትዘጊበት። በር ለመዝጋትማ እኔስ መች አነስኩ?»

«ወላሂ እትየ፣ አይዘጋበትም» አለች ዙሌይካ። ስትልም ከልቧ ነበር።

የዙሌይካ ሥራ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ በማኅበሩ ሪፖርት ላይ «የዕለት ተዕለት ኑሮ ክህሎት ማዳበር» የሚባለው። በሰው ቋንቋ አምሳሉ የሸሚዙን ቁልፍ በራሱ እንዲቆልፍ፣ መንገድ ሲያቋርጥ ግራ ቀኙን እንዲያይ፣ ሳሙና ሲገዛ መልሱን ጠብቆ እንዲቀበል ማለማመድ ነው። ሸሚዙን በአንድ ቁልፍ አዛንፎ መቆለፉ አልለቀቀውም እንጂ ሌላው ቀስ በቀስ ሆነለት። ያስቸገረው ሰላምታው ነው። ሐይቁ ዳር ወስዳው መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አስጋሪዎች ተደርድረው ተቀምጠው ሲያይ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ እነሱ ሄደና «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ሰዎቹ መረቡን ጥለው ተነሡ፤ የትኛው ጀልባ ነው የሰመጠው እያሉ ወደ ውኃው ሲሮጡ ዙሌይካ እነሱን ለማስቆም የጮኸችው ጩኸት ደግሞ ያልሰማውን ሁሉ አሰማው። ገበያም ላይ እንዲሁ ሆነ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ሚዛኗን ወርውራ «ማን ሞተብኝ?» ብላ ደረቷን ስትመታ፣ አጠገቧ ያሉትም ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ አለቀሱላት።

ዙሌይካ በትዕግሥት «እንደምን ዋላችሁ» ማለትን አስተማረችው። አምሳሉም ተማረ። መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ እጅ ይነሣል። ሰውም እየለመደው «ደህና፣ አምሳሉ» ይለዋል። ነገሩ የተቃና መሰላት።

የማኅበሩ አስተባባሪ አቶ ዝናው ይባላሉ። አቶ ዝናው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዓመቱን ሙሉ ከስብሰባ ወደ ሥልጠና፣ ከሥልጠና ወደ ስብሰባ ሲሉ አምሳሉን የመሰለ ሰው በዓይናቸው ያዩት ጥቂት ጊዜ ነው እንጂ። ሲናገሩ «ባለድርሻ አካላት» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይዘጉም። በዚያ ዓመት ከከተማ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለና የማኅበሩን ዓመታዊ በዓል በጥር ለማክበር ወሰኑ። ለበዓሉ አንድ «የስኬት ታሪክ» ያስፈልጋል። የስኬት ታሪክ ማለት ታሞ የዳነ፣ ተቸግሮ የተረዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፎቶ ሲነሣ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ነው። አምሳሉ ተመረጠ። ለክብር እንግዳው እቅፍ አበባ ሊሰጥ፣ እትየ ተሻለችም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሊጋበዙ ሆነ። የዙሌይካ የሥራ ውል የሚታደሰውም ሆነ የሚቀረው በዚያው ሰሞን ስለነበር፣ አቶ ዝናው «በዓሉ ካማረ ሁላችንም አማረብን» አሏት።

ችግሩ ወሩ ጥር መሆኑ ነው። በጥር የሚከራይ ድንኳን ሁሉ ሠርግ ቤት ነው ያለው። አቶ ዝናው ድንኳን ጠፋ ብለው ሲጨነቁ ዙሌይካ «የእትየ ተሻለች ቅሬ ድንኳን አለው፤ ብጠይቅ አይከለክሉኝም» አለች። ከሥራዋ ሁሉ የምትጸጸትበት ሐሳብ ይኸው ነው፤ ያን ቀን ግን ተመሰገነችበት።

የቅሬው ዳኛ አያ ሽታው የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። «ድንኳኑ የለቅሶ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ አያ ሽታው። ለአምሳሉ በዓል ነው።»

«የትኛው አምሳሉ?»

«የእትየ ተሻለች ልጅ።»

አያ ሽታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአምሳሉን አባት መቃብር ያስቆፈሩት እሳቸው ናቸው። «አዎ» አሉ፣ «ልጅ ቢጤ ነበራቸው መሰለኝ።» ድንኳኑንም አግዳሚውንም ፈቀዱ።

የበዓሉ ዕለት የቅሬው ወንዶች በጠዋት ድንኳኑን ተሸክመው ክፍት ደጅ ግቢ ደረሱ። ዘበኛው ፈቃድ እስኪያመጡ በር ላይ አቆያቸው። ከዚያ ገብተው ተከሉት። እነዚህ ሰዎች ድንኳን ተከሉ ቢባሉ ሲተክሉ የኖሩት በአንድ ዓይነት ነው። አግዳሚዎቹን ግድግዳ ግድግዳውን በሦስት ጎን ደረደሩ፣ መሐሉን ለሚገባው ሰው ክፍት ተዉት፣ ከፊት ለፊቱ ለሐዘንተኛ የሚሆነውን ቦታ ለዩ። አቶ ዝናው መጥተው አዩና «ግሩም ነው፤ ክብ ውይይት ያስመስለዋል» አሉ። በላዩም «ከጓዳ ወደ አደባባይ» የሚለውን ባነር አሰቀሉበት። የክብር እንግዳውንና ሹማምንቱን የሐዘንተኛው ቦታ ላይ አስቀመጧቸው። ያስተዋለ ሰው አልነበረም። ዙሌይካም አበባ ስታስተካክል ነበረች።

አምሳሉ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ፣ በእናቱ እጅ ተይዞ መጣ። በር ላይ ለዘበኛው «እንደምን ዋላችሁ» አለው። ወደ ድንኳኑ አፍ ሲደርስ ግን ቆመ። ያን ድንኳን ያውቀዋል። በስንጥቅ አይቶታል፤ ገብቶበት አያውቅም። ፊቱ ተለወጠ፣ የእናቱን እጅ ለቀቀ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

መጀመሪያ ያገኘው የክብር እንግዳውን ነው። «እግዜር ያጥናህ» አለው። እንግዳው ግራ ገብቶት ብድግ አለና «አመሰግናለሁ» አለ። አምሳሉ ወደ ቀጣዩ አለፈ፤ «እግዜር ያጥናህ።» ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። አንደኛው ሹም እናቱ ታመው ደሴ ተኝተው ነበርና፣ ቃሉን እንደሰማ ስልኩን አውጥቶ ከድንኳኑ ሮጦ ወጣ። አቶ ዝናው ላይ ሲደርስ አቶ ዝናው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ፎቶ አንሺው ማንሣት አቆመ። አበባው የተረሳ ዕቃ ሆኖ አግዳሚው ላይ ቀረ።

አቶ ዝናው ወደ ዙሌይካ ጠጋ ብለው «ንግግሩ እስኪያልቅ ዞር አድርጊልኝ» አሏት።

«እናቱ ዘንድ ላስቀምጠው?»

«እዚያም ሆኖ ያለቅሳል። መጋዘኑ አለ እኮ። ትንሽ ደቂቃ ነው። ዙሌይካ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ብቻ።»

ሰው ጥፋት ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ «ዛሬ ብቻ» ብሎ ነው። ዙሌይካ አምሳሉን እጁን ያዘች። እሷ የያዘችው እጅ ስለሆነ አልጠየቀም፤ ተከተላት። ከድንኳኑ ሸራ ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ የኮፍያ ካርቶን ላይ አስቀመጠችውና «እዚህ ትንሽ ቁጭ በል፣ እመጣለሁ» አለችው። ወጥታ በሩን ገርበብ ስታደርገው አምሳሉ ተነሣ። መልሳ አስቀመጠችው፤ እንደገና ተነሣ። በሩን ዘጋችው። መጋዘኑን የከፈተችበት ቁልፍ ገና እጇ ላይ ነበረ፤ ቆለፈችው።

ከውስጥ በኩል ዝግ ባለ ድምፅ «እግዜር ያጥናችሁ» አላት።

እንግዶች በአጠገቧ ያልፉ ነበር። ዙሌይካ አልመለሰችለትም። ሄዳ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ ተቀመጠች።

አቶ ዝናው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። ስለ ባለድርሻ አካላት ቅንጅት ተናገሩ፣ ስለ ግንዛቤ ማስጨበጫ ተናገሩ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዛሬ በማኅበራችን ትጋት በአካባቢያችን በሰው ልጅ ላይ የሚዘጋ በር የለም» አሉ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ ከሸራው ጀርባ ወፍራም ድምፅ።

«አሜን» አሉ የቅሬው ሰዎች። ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሁሉ በአንድ አፍ ነው ያሉት። አስበው አይደለም። ከዚያ ድንኳን ሥር ሆኖ ያን ቃል ሰምቶ ዝም የሚል አፍ የላቸውም።

አቶ ዝናው ንግግራቸው የተወደደላቸው መስሏቸው አመሰገኑና ቀጠሉ። «በሩን ከፍተናል፤ የሚዘጋውም የለም።»

«እግዜር ያጥናችሁ።»

«አሜን።»

አያ ሽታው ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ። ድምፁ ከየት እንደመጣ አዩ፣ ሸራውን ገለጥ አድርገው የመጋዘኑ በር ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አዩ፣ ከዚያም እትየ ተሻለችን አዩ። እትየ ተሻለች ድምፁን ከሰሙበት ጊዜ ጀምሮ የሚያዩት የዙሌይካን የተጨበጠ እጅ ነው። አያ ሽታው በድንኳኑ መሐል አልፈው ዙሌይካ ፊት ቆሙ። «ቁልፉን ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ። ሰጠቻቸው።

መጋዘኑ ሲከፈት አምሳሉ ካርቶኑ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። አያ ሽታው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ድምፃቸው እየተቆራረጠ «አንተን ያጥናህ አምሳሉ» አሉት። «አባትህ ደግ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ሳንልህ ቀረን።»

አምሳሉ ቀና ብሎ አያቸው። አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ለሰው ሲለው የኖረው ቃል ያን ቀን ለእሱ ተባለለት። ምን እንደሚመለስ ግን ያውቃል፤ በስንጥቁ ሰምቶታል። «አሜን» አለ።

የቅሬው ዳኛ ካጽናኑ ሌላው መቀመጥ አይችልም፤ ደንቡ ነው። ወንዶቹ ተነሥተው ተሰለፉ። ክርስቲያኑ «እግዜር ያጥናህ»፣ እስላሙ «አላህ ያጽናህ» እያለ በመጋዘኑ በር ጎንበስ ብሎ አለፈ። ሴቶቹም ነጠላቸውን አዙረው ተከተሉ። ሰልፉ ከመጋዘኑ እስከ ብረቱ በር ደረሰ። ሹማምንቱም ሰው ሁሉ ቆሞ እነሱ ብቻ ተቀምጠው መቅረታቸው ስላሳፈራቸው አንድ በአንድ ተነሥተው ከሰልፉ ገቡ። አቶ ዝናው ድምፅ ማጉያውን እንደያዙ ቀሩ። ምሳው ቀዘቀዘ።

በመጨረሻ የክብር እንግዳው እንባውን እየጠረገ መጥቶ የአቶ ዝናውን እጅ ጨበጠ። «ብዙ ቦታ ጭውውት አይቻለሁ» አለ፣ «ሕዝቡ ራሱ ተዋናይ የሆነበት እንዲህ ያለ ጭውውት ግን አይቼ አላውቅም። የዘጋችሁበት ቦታማ፣ ልቤን ነው የነካው። ስንት ጊዜ ተለማመዳችሁት?»

አቶ ዝናው ትንሽ አሰቡ። «ማኅበረሰቡን በማሳተፍ ነው የሠራነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

እትየ ተሻለች ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። ዙሌይካ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «እኔስ መች አነስኩ?» አሏትና አለፉ።

የዙሌይካ ውል ታደሰ። አቶ ዝናው «ጭውውቱ» በሌሎች ቦታዎችም እንዲታይ እቅድ አወጡ፤ አምሳሉ እንዲሠለጥን፣ መጋዘንም እንዲፈለግ። ዙሌይካ «አላደርገውም» ብላ ወጣች። አቶ ዝናው ደክሟት ነው ብለው ፈቃድ ሰጧት። በዚያ ፈቃድ ቤቷ ተኝታ፣ ከበሩ ውስጥ የሰማችውን ድምፅና ያልመለሰችውን መልስ ስታስብ ሰነበተች። ያን ልጅ ከጓዳ ለማውጣት ዓመታት የፈጀባት ሰው መልሳ ለመቆለፍ አንድ ቃል በቅቷት ነበር፤ ይህን ለማንም መናገር አቃታት።

እግሯ እምቢ ሲላት ቆይቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ተሳፈረች። ዳገቱን ወጥታ የእትየ ተሻለችን በር አንኳኳች። በሩ አልተከፈተም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትየ። ዙሌይካ።»

 «የለም» አሉ ከውስጥ።

ያ «የለም» ነው። ያው የዱሮው። ዙሌይካ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠች። ጓዳውን አሰበችው፤ መቀርቀሪያውን፣ ስንጥቁን። ለበሩ መናገር ጀመረች። «እትየ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔን አታስገቡኝ፤ ዳግመኛ አልምጣ። እሱን ግን አይዝጉበት። ስለ አላህ ብለው፣ በኔ ጥፋት አይዝጉበት።» ከዚያ በኋላ ማልቀስ ብቻ ሆነ፤ ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልነበራትም።

በሩ ተከፈተ። እትየ ተሻለች እጃቸው ሊጥ እንደነካ ቆመው ቁልቁል አዩዋት።

«ምን ሆነሽ ነው ደጄ ላይ የምታለቅሺው? የለም አልኩሽ እኮ» አሉ። «ቀብር ሄዷል።»

ዙሌይካ ቀና አለች።

«ከታች መንደር አንድ ሽማግሌ ሞተው። አያ ሽታው በጠዋት መጥተው 'ቅሬው አምሳሉን ይፈልገዋል' አሉኝ። ሌላው ሲያጽናና ዓይኑ ምሳው ላይ ነው፣ እሱ ግን ከልቡ ነው የሚያጽናናው አሉ። አግዳሚ ይሸከማል፣ ድንኳን ይወጥራል። ከወንዶቹ ጋር ተቆጥሯል።» ከዚያ የዙሌይካን እጅ ተመለከቱ። «ያን ቁልፍ የት አደረግሽው?»

«አያ ሽታው አልመለሱልኝም።»

«ደግ አረጉ» አሉ እትየ ተሻለች። ግቢ አላሏትም፤ ሂጂም አላሏትም። በሩን ክፍት ትተውት ወደ ሊጣቸው ተመለሱ።

ዙሌይካ ከድንጋዩ አልተነሣችም። እንባዋ ጨርሶ ሳይደርቅ የቅሬው ሰዎች ከቀብር ሲመለሱ ታዩ። ከሁሉም ኋላ አምሳሉ አግዳሚ በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል፤ ሸሚዙ በአንድ ቁልፍ ተዛንፏል። ደጁ ላይ ሰው ተቀምጦ ሲያለቅስ አየ። ቆመ። አግዳሚውን አወረደ፣ አንገቱን ደፋ፣ እጆቹን አጣምሮ ቀረባት።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት።

«አሚን» አለች ዙሌይካ።

አምሳሉ እንደዚያ የዝናብ ቀን ሳቀ። ከዚያም፣ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚያደርገው፣ አግዳሚውን ከጎኗ አስተካክሎ ተቀመጠ።